ሦስቱ የሸማኔ ጥያቄዎች

እኔ ቂም አልረሳም። ሰው «ይቅር ብያለሁ» ሲለኝ አፉን እንጂ ልቡን አላምነውም፤ ከራሴ አውቀዋለሁና። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍል ነው የምሠራው። ሥራዬ ማንም እንዲያነባቸው፣ እንዲያባዛቸውና እንዲያሻሽላቸው የተፈቀዱ መጻሕፍትን ተማሪዎች ከኢንተርኔት ፈልገው እንዲያገኙና እንዲጠቀሙባቸው ማሳየት ነው። የጽድቅ ሥራ ነው ይሉኛል። አልክድም። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ የደከምኩት አንድን ሰው ለማዋረድ ነበር።

ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስታቲስቲክስ ያስተማረኝ መምህር ነው። ከረባት ሳያስር አይወጣም። የምንማረው እሱ ባዘጋጀው «ሃንድአውት» ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ ከነአባቱ በትልልቁ የተጻፈበት ጥራዝ። የሚገኘው ዊንጌት አካባቢ ካለች አንዲት ፎቶኮፒ ቤት ብቻ ነው። የገዛ ተማሪ እዚያው በተቀመጠ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ወረቀቱም ከፈተና በፊት መምህሩ እጅ ይገባል። እኔና ጓደኛዬ አንዱን ጥራዝ ለሁለት ልናነብ ተስማማንና የእሷ ስም ብቻ ተጻፈ።

አንድ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ክፍል ገባና ስሙ የሌለ ይነሳ አለ። የተነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። «የኔን ድካም በነፃ መውሰድ ሌብነት ነው» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። በዚያ ኮርስ ወደቅኩ፤ የፈተና ወረቀቴን ልየው ብዬ ብለምን ጠፍቷል ተባልኩ። እናቴ የምረቃዬን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ነበር። በዚያ ዓመት ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ «ለከርሞ ተላልፎ ነው» እያለች ስትመልስ ከጓዳ ሆኜ እሰማት ነበር።

ሃንድአውቱ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ደጃፍ በረዶ በአካፋ ስለሚዝቅ ሰውዬ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ከየት አመጣው እያልን እንሳሳቅ ነበር። ከወደቅኩ በኋላ ግን አልሳቅኩም። ይህ ጥራዝ የራሱ ድካም አይደለም፣ አንድ ቀን ይህንኑ ከራሱ አፍ፣ ተማሪዎች ፊት እሰማዋለሁ ብዬ ማልኩ።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ሰው እኛ ኮሌጅ ሊያስተምር አይመጣ መሰላችሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከረባቱ አለ፤ ሃንድአውቱም፣ ያቺው ፎቶኮፒ ቤትና ያ የስም ወረቀትም አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌ በር ላይ ተገናኘን። «እህቴ፣ ፕሪንተር ይሠራል?» ብሎኝ አለፈ። አላወቀኝም። ከያኔው ስድቡ ይልቅ ይህ አናደደኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ተማሪው ወደኔ መጣች። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ ነው፣ አባቷም ሸማኔ ናቸው። ያልገባትን ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ ናት። ሃንድአውቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግማሹ ተቆርጦ ስላስቸገራት የተሻለ መጽሐፍ እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። እንደ ብዙዎቹ ተማሪዎች እሷም የምታውቀው በቴሌግራም የሚዞረውን፣ ገጹ የጎደለና ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፋይል ነበር። አብረን ተቀምጠን ፈለግን። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ቆይቶ አንድ መጽሐፍ ተከፈተ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በረዶ የሚዝቀው ሰውዬ ቁጭ ብሏል።

ሃንድአውቷን ተቀብዬ ከጎኑ ዘረጋሁ። ገጽ በገጽ ሄድኩበት፤ ምሳሌው፣ ቅደም ተከተሉ፣ መልመጃው ቃል በቃል ያው ነው። የተቆረጠው ሠንጠረዥም ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ማንም እንዲያባዛው፣ እንዲተረጉመውና እንዲለውጠው ፈቅዳለች። በምላሹ የጠየቀችው ስሟ እንዲጠራና የተለወጠው እንዲነገር ብቻ ነው። ይህም ሁለተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሰውየው ያቺን ገጽ አውጥቶ ጥሎ የራሱን ሽፋን አልብሶታል። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ለአለቆች ማመልከት እችል ነበር። አልፈለግኩም፤ ደብዳቤ ይጻፍና ፋይል ውስጥ ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ እየገባሁ መጽሐፉን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ፍላሽ ያለው በፍላሽ፣ የሌለው በስልኩ ወሰደ። ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሁለተኛውን ገጽ አስነብባለሁ። የማን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር እንዳትወስዱ፣ ከወሰዳችሁም ስሙን ጥሩ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሃንድአውታቸውን ከመጽሐፉ ጎን ዘርግተው ሲያስተያዩ፣ በክርን ሲጎሻሸሙና ሲንሾካሾኩ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አያለሁ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶኮፒ ቤቷ ያለው ወረቀት ላይ ስም የሚጽፍ ጠፋ።

ይህም አልበቃኝም። መጽሐፉን ለኛ ተማሪዎች እንዲመች አድርጌ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ጽፌ፣ ሃንድአውቱን እስከ ወዲያኛው ልቀብረው ተነሳሁ። ሁለቱን ሳመሳክር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ከመጽሐፉ አጣኋቸው። ሦስቱም ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ድር ስንት ጊዜ እንደሚበጠስ፣ በሳምንት ስንት ጋቢ ተሠርቶ እንደሚወርድ፣ ለጥምቀት ገበያ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃሉ። እነዚህንስ ከማን ሰረቀ ብዬ ቀናት ሙሉ ፈለግኩ። የትም የሉም። የራሱ ናቸው። ይባስ ብሎ ጥሩ ናቸው፤ ያን ኮርስ ስደግም ፕሮባቢሊቲ የገባኝ በእነሱ ነበር።

ይህን ማመን አንገበገበኝ። ሦስቱንም ወደማዘጋጀው መጽሐፍ ወሰድኳቸው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ከየት እንደመጣ የምትገልጽ አንዲት መስመር አለች፤ በመጽሐፉ ጥያቄዎች ሥር የጸሐፊዋን ስም፣ በሦስቱ ሥር ደግሞ የራሴን ስም ጻፍኩ። ተሳስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ሰውየው አፉን መክፈት እንደማይችል አስቤበታለሁ፤ ሦስቱ የኔ ናቸው ካለ የቀረውስ የማን ነው መባሉ አይቀርም።

መጽሐፉን ጨርሼ ለተማሪዎቹ ካደልኩ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ሰውየው መጣ። ተማሪዎቹ የሚያወሩለትን አዲስ መጽሐፍ ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ከኋላዬ ባለው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩለትና ወንበሬን አዙሬ ፊቱን ጠበቅኩ። የሸማኔው ገጽ ላይ ሲደርስ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ሥሩ ያለውን ስም አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ጣፈጠኝ።

በዚህ መሐል የሽሮ ሜዳዋ ልጅ ገባች። ለሚቀጥለው እትም ስህተት እንድትለቅምልኝ ያተምኩላትን ቅጂ ይዛለች። ወደ እሷ ስዞር ያንኑ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ ሸማኔ በሳምንት ስድስት ጋቢ ይሠራል ይላል። አባቴን ጠየቅኳቸው፤ አንድ ሰው ይሄን ያህል አይችልም አሉ። እነዚህ የእርስዎ ጥያቄዎች ናቸው አይደል?»

«የኔ ናቸው» አልኩ።

«እሺ፣ የትኛውን ሸማኔ ጠይቀው ነው?»

የማውቀው ሸማኔ የለም። ጋቢ ለብሼ እንጂ ሲሠራ ቆሜ አይቼ አላውቅም። እየተንተባተብኩ ሳለሁ ከኋላዬ የሰውየው ድምፅ መጣ፤ ክፍል ውስጥ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

«አንድ ሰው አይደለም። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የሽመና ዕቃ ተክለው ነበር የሚሠሩት። እኔ ስጽፈው አንድ ሸማኔ አደረግኳቸው።»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሸማኔ ልጅ ነኝ ሲል የሰማው ተማሪ የለም። ልጅቷ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «የቀረውስ ሃንድአውት፣ መምህር?» አለችው። አጠገባችን ያሉት ተማሪዎች መጻፍ አቁመዋል።

ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «የቀረው የኔ አይደለም» አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ከራሱ አፍ ወጣ፣ ተማሪዎችም ሰሙት። ደስታው ግን አልመጣም፤ ፊቴ በእፍረት ይግል ነበር። ልጅቷ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አውጥታ የኔን መልስ ትጠብቃለች።

«ታዲያ እዚህ ጋ ምን ብዬ ላርመው?»

የሰውየውን ስም ነገርኳት።

«ከነአባታቸው ይሁን?»

«ከነአባታቸው» አልኩና የሸማኔውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ሰውየው ከኋላዬ ቆሞ ይሰማል። ጽፋ ስትጨርስ፣ ማንም ሳያዛት፣ የኔን ስም ከሦስቱም ጥያቄዎች ሥር አንድ በአንድ ሰረዘችው።