የአባዬ መኪና ለምን ወደ ግራ ይጎትታል?

«ተዪው ልጄ፣ እጄ ነው የከዳኝ።» አባዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይህን ብሎ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስትሮክ ግራ እጁን ካደከመው ወዲህ የምትከታተለው ሐኪም «ጣቶችህን አሠራቸው» ስላለችው፣ ጎሮ ሰፈር ባለው ቤታችን ቁጭ ብሎ በእኔ ላፕቶፕ የጌም መኪና በጆይስቲክ ይነዳል። እጁም እየተሻለው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ሊኑክሱን፣ አፕዴት አደረግኩት። ምን አቅበጠበጠኝ! ከዚያ ወዲህ መኪናው ወደ ግራ እየጎተተ ገደል ይገባል።

የጆይስቲኩን ገመድ ቀየርኩ፤ ሪስታርት አደረግኩ፤ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ትእዛዝ ሁሉ ጻፍኩ። ወገቤ ተቆረጠ እንጂ ምንም አልተለወጠም። አባዬ ደግሞ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እጁን ያያል። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ተወው።

ጆይስቲኩን እንዳስቀመጠ ግን ማንም ሳይነካው መኪናው ወደ ግራ ታጠፈ።

«አባዬ፣ እየው! አንተ አይደለህም፣ ዕቃው ነው!»

ጆይስቲኩን አየውና፣ «እና ቀኑን ሙሉ እኔን ስታሳቅቂኝ ዋልሽ?» አለኝ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ለካ አፕዴቱ የጆይስቲኩን ማስተካከያ አጥፍቶት ኖሯል። ካሊብሬት ሳደርገው፣ ማለትም መሃሉን እንደገና ሳስተካክልለት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ።

አሁን እኔ ሶፋው ላይ ተዘርሬያለሁ፤ እሱ መንገድ ከዘጉበት የጌም መኪኖች ጋር ይጨቃጨቃል።

እናንተስ፣ ዕቃ ተበላሽቶ ራሳችሁን የወቀሳችሁበት ቀን አለ? እስቲ ንገሩኝ፣ ለመነሳት እንኳ አቅም የለኝም፤ ተኝቼ ላንብብ።