ሞላ «ተዝካር» የተባለበት ምክንያት

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ሄጄ ቢቸና መናኸሪያ ቆሜ ሳለ አንድ ጎረምሳ፣ «ተዝካር! ለሞጣ ስንት ሰው ቀረህ?» ብሎ ተጣራ።

«ሦስት። አንተን ከቆጠርንህ ሁለት ተኩል» አለው ሽበታሙ ተራ አስከባሪ ሞላ።

አብሮኝ የነበረው ወጣት ካሜራማን ሳቀና ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ።

ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሞጣ አስተምር ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር ሻይ ቤት አገኘኝ። የቢቸና ሰው መሆኔን ሲሰማ፣ «ሞላ ያገርህ ልጅ ነበር። ነፍሱን ይማር» አለኝ። ወዲያው የመጣልኝ የጎረቤታችን ልጅ ይኸው ሞላ ነው። ከገበያው ማዶ የእትዬ ጥሩወርቅ አንድያ ልጅም ሞላ እንደሚባልና አብሮት እንደዘመተ አውቅ ነበር፤ ግን አላሰብኩትም፣ አልጠየቅኩም። በማግስቱ በዚያ ጭቃ መንገድ ቢቸና ሄጄ ለሽማግሌዎች ነገርኩ። ወሬውን ማን እንዳመጣው ሳይናገሩ ንጋት ላይ እናቱን አረዷቸው።

ለተዝካሩ እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው ጌሾ ወቀጡ፣ ጠላ ጠመቁ። «አምላኬ፣ የኔን ደግሞ አንተ ጠብቅልኝ» ይሉ ነበር ወደ ጋኑ እንዳጎነበሱ።

ድግሱ ባለፈ በሳምንቱ የጎረቤታችን ልጅ በምርኩዝ ከአውቶቡስ ወረደ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እናቱ መሬት ላይ ተደፉ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን እልል አላሉም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀረቡት።

«አብሮህ የነበረው ልጄስ?»

ሞላ መሬት መሬቱን አየ።

«እንግዲያ የሞተው የኔው ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

በሁለተኛው ተዝካር እያነከሰ ጠላ የቀዳው እሱ ነበር። ሞቅ ያለው አንድ አጎቱ፣ «ያንተን ተዝካር በላንልህ፤ አሁን ደግሞ የሌላ ታበላናለህ?» ሲለው ዳሱ በሳቅ ሞላ። እትዬ ጥሩወርቅም ፈገግ አሉ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጥፎበት ቀረ።

ለካሜራማኑ ይህን ሁሉ ስነግረው ወሬውን ማን እንዳመጣው ዘለልኩት።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ የሌሎችን ስሕተት አጣርቶ መጻፍ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ የልጃቸውን ሞት ሳያውቁ ለሌላ ልጅ ተዝካር የደከሙት በኔ ምክንያት መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ቢቸና በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። በዚያ ቀንም ሄድኩ። «ዘመድ መጣ» ብለው ወንበሩን ጠረጉልኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። ጠጣሁ።