ስግደቴን የወሰደችው ፈረንጅ

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንዲት ፈረንጅ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ክርስቲያን ናት፤ ጸሎቷ ግን ዮጋ ነው። ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ "ኢየሱስ" እያለች በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኔ ምን አገባኝ!

በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ስሰግድ በሩን ከፍታ ገባች። ሥራ ፈታሽ ብላ የምታባርረኝ መስሎኝ ክው አልኩ። እሷ እቴ! በተሰባበረ ዓረብኛዋ "ያ ሰላም! ይሄ እኮ የናንተ ዮጋ ነው! አስተምሪኝ" አለችኝ። እንዴት ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት እንደማስነካ፣ እንዴት እንደምነሳ አሳየኋት። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ማለትንም አስጠናኋት።

ብዙም ሳይቆይ ወዳጆቿን ሰብስባ የስግደት አስተማሪ ሆነች። ጭራሽ እኔኑ "ወገብሽ ይጎብጣል፣ አተነፋፈስም አታውቂበትም" እያለች ታርመኝ ጀመር። እንጀራ ነውና ዋጥ አድርጌ ለእንግዶቿ ጁስ አቀርብ ነበር።

የስቅለት ዕለት ማልጄ ነጠላዬን ለበስኩና ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኳት።

"ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ዛሬስ አይሆንም" አለችኝ። "ለስግደት የሚመጡ እንግዶች አሉብኝ። ጁሱን ማን ያቀርብልናል?"