እርቁ ምስክር የሆነብን ጊዜ

ጠበቃችን ደሴ ላይ ከፍርድ ቤቱ ብዙ ያልራቀች አንድ ጠባብ ክፍል ነበረችው። የወንድሜን ፍርድ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ አባቴን አየው።

“አባባ፣ ዳኞቹ ‘ልጁ ካልገደለ አባቱ ለምን ታረቀ?’ ነው ያሉት። ምን ልበላቸው?”

“ደም ነዋ፣ ልጄ” አለ አባቴ፣ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልመሰለውም።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ በሩ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ድንጋይ ተወራወሩ፤ አንድ የአገራችን ልጅ ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው በውል ያየ የለም። ፖሊስ ግን ወንድሜን ያዘው፤ ቀደም ሲል ከሟች ጋር ተጣልቶ ነበርና።

የሟች ወገኖች ከቢስቲማ ወጣ ብሎ፣ ከመንደራችን ማዶ ነበር የሚኖሩት። ደም የሚፈልግ ሰው ደግሞ እስረኛው እስኪፈታ አይጠብቅም፤ ያገኘውን ወንድም ይገድላል። ታናሽ ወንድማችን ገበያ የሚወርደው በእነሱ ደጅ ነበር። አባቴ ፍርድ እስኪሰጥ መቆየት አልቻለም፤ አበጋሮቹን፣ ደም የሚያደርቁትን ሽማግሌዎች፣ ይዞ ሄደ። በእኛ አገር እርቅ ላይ የተጠረጠረው ወገን ማን መታ፣ ማን ሳተ ሳይባል አንገቱን ደፍቶ “አጥፍተናል፣ ማሩን” ይላል። አባቴም አለ። በሬ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ታናሻችንም እንደ ልቡ ገበያ መውረድ ጀመረ።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ እርቁ ላይ የነበሩ ሰዎችን በምስክርነት ጠራ። ዱዓ በተደረገበት ነገር አይዋሹም፤ አባትየው “አጥፍተናል” ሲል ሰምተናል አሉ። ወንድሜ ወጣትነቱን የሚጨርስ እስራት ተፈረደበት።

ጠበቃው ሐቀኛ ነበር፤ አንዳንዴ ሐቀኝነቱ ያስጠላኝ ነበር። “የአባት ቃል ልጅን አያስርም ብዬ እከራከራለሁ፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም” አለን። ተስፋ አልሰጥም የሚል ጠበቃ ይዞ ይግባኝ ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ያም ሆኖ እዚያው ደሴ ሆጤ ሠፈር ካለው ቤቴ እየተነሣሁ ደጅ ጠናሁ።

ክልል የሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች ለችሎት ደሴ ድረስ ይመጡ ነበር። በቀጠሯችን ቀን የሟች አባት ከእኛ ቀድመው ደርሰው አገኘናቸው። ከእርቁ ወዲህ ከአባቴ ጋር በሰርጉም በለቅሶውም ይጠራራሉ።

“አብሽሩ፤ እኛ ዘንድ እርቅ እንዲህ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ” አሉን።

ጠበቃው ይሰሙልን ብሎ ጠየቀ። ዳኞቹ ይግባኝ ላይ አዲስ ምስክር አንሰማም አሉ። ሕጉ እንደዚያ ይሆናል። እኔ ግን በገንኩ፤ ልጃቸው የሞተባቸው ሰው ካልተሰሙ ማን ሊሰማ ነው? አዛውንቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከዘራቸውን ይዘው ተመለሱ። ፍርዱም ጸና። ጠበቃው ሰበር የሚባል ሌላ ችሎት እንዳለ ነገረን፤ ሲነግረን ግን ፋይሉን እያሰረ ነበር።

በሳምንቱ ምሳ ዕቃ ይዘን ማረሚያ ቤት ሄድን። ወንድሜ ስለ ይግባኙ አልጠየቀንም፤ ፊታችን ነግሮታል።

“አባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ‘አንተ ነህ ወይ?’ ሳትለኝ ነው የሄድከው” አለ።

አባቴ የሽቦውን አጥር ያዘ።

“ብጠይቅህ አይደለሁም ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ አጥፍተናል እላለሁ? ባልል ደግሞ፣ ወላሂ፣ ታናሽህን ነበር የምቀብረው።”

ወንድሜ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

“እሱስ ደህና ነው?” አለ።

“ደህና ነው” አለ አባቴ። “ዛሬ ገበያ ወርዷል።”