የአንሶላው ሌላ ጫፍ

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የወደቀው ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ ብዙ ቀን ሲያርሰው ሰንብቶ፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ሰው ሁሉ የተጠራቀመውን ልብስ ለማድረስ ሲጣደፍ፣ ወደ ውስጥ ተደፋ። ባለቤቴ ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። ከታላቅ እህቷ ጋር አንድ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጥፉ፣ ሁለቱም ከነአንሶላው ተቀበሩ።

እናትና አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ያሳደገቻት ይህችው እህቷ ነበረች። እትዬ ትላታለች። በዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ያስገባቻትም፣ አንሶላ ማጠፍ ያስተማረቻትም እሷ ናት።

ከፍርስራሹ ሥር ጨለማ ነበር። የእህቷ እጅ በጨርቁ መሐል አልፎ የእሷን ቀኝ እጅ አገኘ። መጀመሪያ እህቷ ታናግራት ነበር፤ አይዞሽ፣ ሰው ይመጣል፣ አፍሽን ግጠሚ፣ አቧራ አትዋጪ። ቀጥሎ ማናገሩን ትታ እጇን ብቻ ጠበቅ ታደርግላት ጀመር። ቀጥሎ እሱም ቀረ። እጁ ግን እዚያው ነበር፤ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰዎች ቆፍረው ሲደርሱባቸው ታናሺቱ በሕይወት ነበረች። ከእህቷ እጅ ሊያላቅቋት የግድ የሟቿን ጣቶች አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረባቸው።

ይህን የነገረችኝ ከተጋባን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስትነግረኝም የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነበር የሚመስለው። በቀብሩም ቀን አላለቀሰችም ይላሉ። ቀኝ እጇ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንጓው በታች አይሰማትም። ይንቀሳቀሳል፣ ይጨብጣል፣ ያነሳል። መርፌ ቢወጉት፣ በረዶ ቢያስይዙት፣ ሰው ቢዳብሰው ግን ለእሷ የሚደርሳት ነገር የለም። ያኔ ያያት ሐኪም አጥንቱ ደህና ነው፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል ብሎ ሸኛት። አልተመለሰም።

ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ሥራዋ ገባች። ግድግዳው በብሎኬት ተሠራ፣ ቀለም ተቀባ፣ መደርደሪያ ተደገፈበት። እኔ የቦይለር ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ያገኘኋት ሮለሩ አጠገብ ነው። ሮለር ማለት እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ተተኩሶ የሚወጣበት የጋለ ብረት ነው። ጨርቁ ሲወጣ እሳት ነው። ሌሎቹ ሴቶች በጓንት ሲቀበሉት እሷ በባዶ እጇ ትጎትተዋለች። መዳፏ ከቃጠሎው ብዛት እንደ ተረከዝ ደንድኖ ነበር። እጀ ብረት ይሏታል። ካውያው የተበላሸ ቀን የእጀ ብረትን እጅ አሙቀን እንተኩስበታለን ብለው ሲቀልዱ፣ እሷ ፊቷን ሳትፈታ፣ በኪራይ ነው፣ ትላቸዋለች።

አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ያራግፋል፤ ከዚያ አንዷ ጫፏን እንደያዘች ወደ ሌላዋ ትሄድና ታስረክባታለች። ተቀባይዋ «ያዝኩ» ሳትል ሰጪዋ አትለቅም። ቀድማ ከለቀቀች አንሶላው መሬት ይነካል፤ መሬት የነካ አንሶላ ደግሞ እንደገና ይታጠባል። ስለዚህ በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ ያዝኩ ነው። ይህን ቃል የማትለው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ግድግዳው ላይ መቆንጠጫ አስመትታ፣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ለመቆንጠጫው አስይዛ፣ ለብቻዋ ታጥፋለች። ፈጣን ስለነበረች ለምን ያላት የለም።

ላግባሽ ብዬ የጠየቅኋት ቀን አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ። እኔ የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር የለም፣ ቤትህ ዝም ያለ ቤት ይሆናል አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቦይለር ሲጮህበት ለሚውል ሰው ዝም ያለ ቤት ጸጋ ነው አልኳት። ተጋባን። ሴት ልጅ ወለድን። አዋላጇ ልጅቱን ደረቷ ላይ ስታስተኛላት፣ ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሌላ አልተናገረችም። ልጃችን ያልተተኮሰ ልብስ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም፣ ምሳዋም ዘግይቶባት አያውቅም። እናቷ ስትዳብሳት ግን በግራ እጇ ነበር። ገላዋን ሲያጥቧት ውኃውን የምለካው እኔ ነበርኩ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ልጃችን አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች፤ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ጠዋት ጠዋት ልጁን እኛ ዘንድ እያስቀመጠች ሥራ መሄድ ጀመረች።

አንድ ጠዋት እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ልጃችን ጫማዋን እያጠለቀች ስለ አለቃዋ ክፋት ታወራለች፤ እናቷ እየሰማቻት የሕፃኑን መታጠቢያ ሳፋ ታዘጋጃለች። የልብስ ማጠቢያ ቤት ሰው ውኃ የሚለካው በሥራ እጁ ነው። እጁን ያገባል፣ ይበቃል ይላል፣ ያበቃል። ባለቤቴ ቀኝ እጇን አገባች፣ ይበቃል አለች፣ ሕፃኑን ዝቅ አደረገችው። በጩኸቱና የግራ ክርኗ ውኃውን በነካበት ቅጽበት መልሳ አነሳችው። የሁለት እግሩ ጣቶች ቀሉ። ሐኪም ቤት ቅባት ቀቡለት፤ ጠባሳ እንኳ ሳይተው ሻረ።

ዳቦውን ይዤ ስገባ ልጃችን ልጇን አቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«እጅሽ እንደማይሰማ ረሳሽው እማዬ?»

«ረሳሁት።»

«እኔ አልረሳውም። ልጄን ደግመሽ እንዳትነኪብኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ስልክ ስደውል ለእኔ ትመልሳለች፤ ስለ እናቷ አትጠይቅም። ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ ገባች። ሳፋውን አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። የሕፃኑን ፎጣዎች አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባች። ብዙ ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ ራት በልተን ስናበቃ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየችውና፣ ይህ እጅ የሚመለስ ይመስልሃል አለችኝ። አብረን ስንኖር ስለዚያ እጅ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። አላውቅም፣ እንጠይቅ አልኳት።

የነርቭ ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኗን አስጨፍኖ እጇን በመርፌ ጫፍ እየነካካ ድንበሩን በእስክሪብቶ አሠመረው። መሥመሩ አንጓዋን እንደ አምባር ዞረ። በማሽንም አያት። ከዚያ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ አባቴ፣ ነርቭ በጓንት ልክ አይቆረጥም፤ ጉዳቱ ነርቩ ላይ አይደለም አለኝ። ታዲያ ውሸቷን ነው ወይ አልኩት፤ ተቆጥቼ ነበር። አይደለም አለኝ። እጇ ይልካል፣ አእምሮዋ አይቀበልም። አንድ ጊዜ የዘጋውን በር ዘግቶ ኖሯል። እንዲህ ያለውን በሂፕኖሲስ፣ ሰውን በቃል አፍዝዞ በማከም፣ የምትረዳ የአእምሮ ሐኪም አለች ብሎ ወደ እሷ ላከን።

ወሬው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደረሰ። በወጣትነታችን ወደ ከተማችን የመጣ አንድ ትርኢት አሳዪ ሥጋ ሻጩን መድረክ ላይ አውጥቶ አፍዝዞ እንደ ዶሮ አስጩኾት ነበርና፣ ሴቶቹ ይህን አልረሱም። እጀ ብረት፣ እንቁላል ጥለሽ እንዳትመጪ አሏት። ከጣልኩ ለእናንተ አላቀምስም አለቻቸው።

እኔ ግን ሥጋት ነበረብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን አንብቤም ልቤ አልረጋም። ሐኪሟን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ፈቃዷን ትወስጅባታለሽ ወይ አልኳት።

ሐኪሟ አልተቀየመችም። ቦይለሩን ሲጠብቁ ሰው ስምዎን ጠርቶ ሳይሰሙ ቀርተው ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አዎ፣ ብዙ ጊዜ። ያኔ ፈቃድዎን ማን ወሰደው? ማንም፣ ልቤ ሥራው ላይ ሆኖ ነው እንጂ። ይኸው ነው አለች። እንቅልፍ አይደለም፤ ልብን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ሰው ሲያርፍ የጨበጠውን ነገር ላላ ያደርጋል። ባለቤትዎ ካልፈለጉ ዓይናቸውን ገልጠው ይነሳሉ። ባለቤቴ ከፈቀደች ጥግ ላይ መቀመጥ እንደምችልም ነገረችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ፣ ደረጃ ላይ ቆመዋል፣ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ በወረዱ ቁጥር ሰውነትዎ እየከበደ፣ ብርሃኑ እየደበዘዘ ይሄዳል ትላት ጀመር። ባለቤቴ ዓይኗን ገልጣ ተነሣች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ደረጃው ወዴት እንደሚወስድ እኔም እሷም እናውቃለን። ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብን። ለብዙ ሰው የምለውን ነው ያልኩዎት፤ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ አለች። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና፣ እሺ፣ ወደታች ግን አልሄድም አለቻት።

በሁለተኛው ቀን ሐኪሟ አስቀድማ ጠየቀች። ምን ሲሠሩ ነው ሰዓቱ የሚጠፋብዎት? ባለቤቴ፣ አንሶላ ሳጥፍ አለች። እንግዲያውስ እንጠፍ ተባለ። ዓይኗን ጨፍና፣ ነጭ አንሶላ ይዛ፣ ታራግፋለች፣ ትወጥራለች፣ ታጥፋለች፤ በታጠፈ ቁጥር አንሶላው ያንሳል፣ ትንፋሿም ይረጋል። ሌላውን ጫፍ ማን ይዞልዎታል አለች ሐኪሟ። መቆንጠጫው። ሐኪሟ አላረመቻትም። ለብዙ ሳምንት መቆንጠጫው ይዞላት አጠፈች። እጇ አይሰማትም፣ ፊቷም አይለወጥም። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን እያየች ትሄዳለች። እንቅልፌ ተሻሽሏል፣ ሌላ የለም አለችኝ አንድ ቀን።

ከዚያ፣ ከሌሎቹ ቀኖች በምንም በማይለይ ቀን፣ አንሶላውን እንደወጠረች ማጠፉን አቆመች። መቆንጠጫው የለም አለች።

ሐኪሟ ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ምን እየሆነ ነው ብቻ አለቻት።

«እየመጣች ነው። ጫፉን ልታስረክበኝ።»

«እርስዎስ?»

ባለቤቴ ቀኝ እጇን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ጣቶቿ ጨርቅ እንደሚይዝ ሰው ተጠጋጉ። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየች። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።

«ያዝኩ እትዬ» አለች።

እጇ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ ወረደ። ትንሽ ቆይታ፣ ቀዘቀዘኝ አለች። የት ነው የቀዘቀዝዎት አለች ሐኪሟ። እጄን፣ ቀኝ እጄን።

አላለቀሰችም። ዓይኗን ስትገልጥ እጇን በግራ እጇ ይዛ ታሸው ጀመር፣ ከውጭ ብርድ እንደገባ ሰው። ሐኪሟ በኋላ፣ ያዩት ነገር እንዳለ የተፈጸመ ነው ብለው አይያዙት፣ ሂፕኖሲስ የትናንትን ፎቶግራፍ አያነሣም አለቻት። እኔም ፎቶ አልፈለግኩም አለች ባለቤቴ።

ብርዱ ሳምንታት ቆየ። በሞቀ ቀን በሱፍ ጓንት ትሄድ ነበር። ከብርዱ በኋላ ሕመም መጣ፤ ከሕመሙ በኋላ ሙቀት፣ ሻካራ፣ ለስላሳ። ትንሿ ጣቷና የመዳፏ ዳር እስከ ዛሬ አልተመለሱም። አንድ ጠዋት ከሮለሩ የወጣውን አንሶላ እንደ ልማዷ ስትጎትት፣ እጇን ሰብስባ ጣለችው። አንሶላው መሬት ነካ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ የሆነው ገብቷቸው ሳቁን ተዉት። አንዲቷ ጓንቷን አውልቃ ሰጠቻት። ቅጽል ስሙ ግን አልቀረላትም፤ አሁንም እጀ ብረት ናት፣ የዛገው ይሏታል።

የቀረችው ልጃችን ነበረች። እኔ በስልክ ነገርኳት፤ ሰማሁ አባዬ ብላ ዘጋች። ወር ያህል አለፈ። አንድ እሑድ ግን ሳይነገረን ልጇን አቅፋ መጣች። ቁጭ አላለችም። ሳፋውን ከግድግዳው አውርዳ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ቀላቅላ፣ እናቷ ፊት አስቀመጠችው። እናቷም ምን እንደተጠየቀች አላጣችውም። ቀኝ እጇን አገባች። ፊቷን አየሁት፤ ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር።

«ይፋጃል» አለች። «ቀዝቃዛ ጨምሪ።»

ልጃችን በክርኗ ለካች። እውነት ነበር፤ ሆን ብላ አሙቃው ነበር። ቀዝቃዛ ጨመረች። እናቷ እንደገና እጇን አገባች፣ አቆየችው፣ አሁን ይበቃል አለች። ልጃችን የሕፃኑን ልብስ አወለቀች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠቻት፤ ግን አልለቀቀችም። በልብስ ማጠቢያ ቤት ቅርጫት አጠገብ ያደገች ልጅ ናት፣ መቼ እንደሚለቀቅ ታውቃለች። ጠበቀች።

«ያዝኩ» አለች እናቷ።

ለቀቀችው።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር የቱ ነው አልኳት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እንዲህ አለችኝ፦

«ሰው ሁሉ ዳንሽ ይለኛል። እኔን ማመም የጀመረኝ ግን አሁን ነው፤ እትዬንም አሁን ነው የቀበርኳት። እሱን ከፈለግህ ጻፈው፣ ካልፈለግህ ተወው። ልጄ ልጇን ስትሰጠኝ ግን ጣቶቿ እጄን ነኩኝ። ሙቅ ናቸው። ስንት ዘመን አሳድጌያት ጣቶቿ ሙቅ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እሱን ጻፍ። ሌላው ትርፍ ነው።»