እናት የማትገባበት ክፍል

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ ትንሽ ክሊኒክ በድሬሰርነት ተቀጠርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ግን ስሪንጅ መቀቀል ነበር። ላምባ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሳለ የክሊኒኩ ኃላፊ የነበሩት ጤና መኮንን መጡና፣ "እዚህ ቤት ልጅ ሲወጋ እናት ትወጣለች። እናቱን ካየ ይሞላቀቃል" አሉኝ።

ዘሃራ ከእንሴኖ አካባቢ የመጣችው በዚያው ክረምት ነው። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። መንጋጋዋ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር መሆኑ አዲስ አበባ ታወቀ። መድኃኒቱን እዚያ ጀምረውላት የቀረውን እኛ እንድንወጋት ከነብልቃጡ ላኳት።

እብጠቱ ቀነሰ፤ ልጅቷ ግን ደከመች። የቀመሰችውን ታስመልሳለች፣ ፀጉሯም እየረገፈ ትራሱ ላይ ይቀራል። ሌሎቹ ታካሚዎች "ይጋባል" ብለው አጉረመረሙ። ኃላፊው እንደማይጋባ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ማስረዳቱ ሰለቻቸውና ከዕቃ ቤቱ ጎን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አስተኟት።

እናቷ ሙንተሃ የቡላ ገንፎ ይዛ ስትመጣ ዘበኛው ከበር ይመልሳታል። ልጅቷ የእኛን ሾርባ አትነካም። የመርፌ ሰዓት ሲደርስ ሁለት ሰዎች እጅና እግሯን ይይዛሉ። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ "አለሁ ልጄ፣ አለሁ" ትላለች።

አንድ ቀን ዘሃራ ማልቀሷን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ክንዷን ሰጠችኝ።

"አየሽ፣ ለመደች" አሉ ኃላፊው።

"አልለመደችም ጌታዬ፣ ተስፋ ቆርጣ ነው። እናቷ ካልገባች ከእንግዲህ አልወጋትም።"

"እኔ ነፍሷን ላድን እለፋለሁ፣ አንቺ ስለ እናት ታወሪያለሽ?"

"እህል ካልቀመሰች ምን ነፍስ ይተርፋታል? ገንፎው በር ላይ እየቀዘቀዘ ነው።"

ተቆጥተው ወጡ። ከእኔ ሌላ ደም ሥር አግኝቶ የሚወጋ ስላልነበረ ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን "አስገባት" አሉት።

ሙንተሃ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔም ለዘሃራ፣ "ትንሽ ያምሻል፣ ቶሎ ያልቃል" አልኳት።

"ቀስ በይ" አለችኝ። ከእኔ ጋር ስትነጋገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ከገንፎው ጥቂት በላች። በማግስቱ አልጋዋን በረንዳ ላይ አወጣሁት። የእነዚያ ያጉረመረሙት እናቶች ልጆች አንድ በአንድ ተጠጉና ቅልብልቦሽ ተጫወቱ። ዘሃራ ጠጠር ስትሰርቅ ተይዛ ስትስቅ ሰማኋት። እናቶቹም አልከለከሏቸውም።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደ ቤቷ ሄደች። ከመስቀል በኋላ እብጠቱ ተመለሰ፤ የአዲስ አበባ ሐኪሞችም ሌላ የሚሰጥ ነገር እንደሌለ ነገሯቸው። እቤቷ፣ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች።

ለመሞቷ ማንንም አልወቅስም፤ መድኃኒቱ አቅሙ እዚያ ድረስ ነበር። ከቀሯት ጥቂት ወራት ውስጥ ያንን ሁሉ ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያሳለፈችው ግን ሰው ማስረዳት ስለሰለቸው ነው። ይህን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ኃላፊው ደንቡን አልሻሩም። እኔ ተረኛ በሆንኩበት ቀን ግን እናት አልወጣችም።

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ልጅ እየታከመም ይኖራል። እናቱን አታስወጡበት፣ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ መጫወት ከፈለገ አጫውቱት።