ክፋት አልተገኘባትም

ዳዊት በጠረጴዛው ራስጌ፣ የጨዋታውን ማስታወሻ ከሚደብቅበት የታጠፈ ካርቶን ጀርባ ተቀምጧል። ጓደኛው ቢኒያም ሶፋው ላይ ነው። ሰላም በመስኮቱ በኩል ናት። እኔ ከቡፌው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ በኋላ ወንበር ሰጡኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። የሆነውን ከአራታችን በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ እዘለዋለሁ።

ዳዊት የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ እየመጡ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ካርታ አይደለም፣ ዳማም አይደለም። ዳዊት ተረት ይጀምራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር ጥለው ያያሉ። እያንዳንዱ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው አስቀድሞ ይወሰናል። ክፋትን የሚያሸት አስማትም አለ።

ሰላም የአንጥረኛ ልጅ ናት። ዳዊት ሊያገባት ፈልጎ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንድልክለት ለምኖኛል። እሺም እምቢም አላልኩትም።

ለምን ዝም አልኩ? ልጅ ሳለሁ በአንጥረኞች በር ስናልፍ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እል ነበር። የጋብቻ ቀለበቴን የሠራልኝ የሰላም አያት ነው። ቀለበቱን ወደድኩት፣ እጁን ፈራሁት። ካላመንኩ ታዲያ፣ ሰላም ስትመጣ የምግቡን ሳህን ለምን እሸፍን ነበር?

አይታኛለች። ምግብ ሲቀርብ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ማዞር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። «መንገዱን ማየት ደስ ይለኛል፣ እማማ» ትለኛለች። ይህን እየሰማሁም ሳህኑን ሸፈንኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አስቀድሜ ልናገር፤ መጨረሻ ላይ ለራሴ የማለቅስበት ቦታ እንዳይኖረኝ። ሽማግሌ አልተላከም። ሠፈሩ ፈርሷል፤ የአባቷ ሱቅ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ዳዊት አላገባም። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ መድኃኒቴን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። ምግብ ሲቀርብ ግን ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አንባቢዬ፣ ከአንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር የምትለኝ አንተ አይደለህም።

ያን ቅዳሜ ስለ አስማቱ ተከራከሩ።

«ጭራቅ ጭራቅ ነው» አለ ቢኒያም። «ዘሩ ክፉ ነው። አስማቱ ከሩቅ ያሽትተው፣ እኛ እንጨርሰው! ምን ያጨቃጭቃል?»

«ምን አድርጎ?» አለች ሰላም።

«ተወልዶ!»

ዳዊትና ቢኒያም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«እንግዲያው እኔ አልጫወትም። የሠራውን ያሽትት፣ ያሰበውን ያሽትት። የተወለደበትን ግን አያሽትት።»

«ሰላምዬ፣ ጠበቃ ብትሆኚ እኮ ጭራቁ ራሱ ይቀጥርሽ ነበር!» አለ ቢኒያም።

ዳዊት ግን ሳቁን ትቶ ሕጉን እንዳለችው አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ለተረቱ መነኩሲት ጎድላናለች። ይቀመጡ፤ ክፋት የሚያሸቱት እርስዎ ነዎት።»

«እማማ ከገቡማ አለቀልን» አለ ቢኒያም። «እሳቸው ያለ አስማትም ያውቁናል!»

ተቀመጥኩ። በተረቱ መንደር ውስጥ ጉድጓዱ ተመርዟል። ቢኒያም ነጋዴ ነው፣ ሰላም ብረት ቀጥቃጭ ሴት ናት፤ ራሷ ናት የመረጠችው። የምጠረጥረውን በጣቴ ሳሳይ ዳዊት እውነቱን ይነግረኛል፤ ተራኪው መዋሸት አይችልም አሉኝ። ነጋዴው ቢኒያም በተረቱ ውስጥ ከጅምሩ ሲያጭበረብር አይቼዋለሁ። ጣቴ ግን ወደ ሰላም ሄደ። ማን ወሰደው? እኔ ወሰድኩት።

ዳዊት ከካርቶኑ በላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ክፋት የለባትም፣ እማማ። ምንም የለባትም።»

የጨዋታ ድምፅ አልነበረም። ያን ወንበር ለምን እንደሰጠኝ አሁን ይገባኛል። ይህን ቃል ከእሱ አፍ፣ እሷ ባለችበት፣ መዋሸት በማይቻልበት ቦታ እንድሰማው ነው። ማለት የነበረብኝ «ተመስገን» ብቻ ነበር። በዚያ ቃል ሽማግሌው በተላከ፣ ሠርጉ በተደገሰ ነበር።

እኔ ግን «ያንተ አስማት ምን ያውቃል?» አልኩ። «የአንጥረኛን ዘር እኔ አውቀዋለሁ።»

ተቆጥቼ አልነበረም። ወጡ ጨው አነሰው እንደሚባለው ነው ያልኩት። ይህን እንደ ማቅለያ አትቁጠርልኝ፤ የባሰው እሱ ነው።

ቢኒያም አንገቱን ደፋ። ዳዊት «እማማ!» አለ።

ሰላም ተነሳች። ወደ መስኮቱ የዞረውን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። እኔ የሸፈንኩት የዳቦ ሳህን ጨርቁ በአንድ በኩል ተገልጦ ነበር፤ አስተካክላ ሸፈነችው። ከዚያ ወጣች።